የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችን ከዊንዶውስ ይልቅ በሊኑክስ ማስኬድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዳሰሳ፣ የጤና ወይም የመስክ ሙከራ መረጃ የሚተነትኑና ኮምፒውተራቸውን ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

መረጃ የምተነትንበት ሶፍትዌር በሊኑክስ ላይ ይሠራል?

መልሱ እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል፤ ሆኖም ሰው ከሚገምተው በላይ ብዙዎቹ ይሠራሉ። አር፣ ፓይተን፣ ጁሊያ፣ ግሬትል፣ ጃግስ እና ስታን በቀጥታ ለሊኑክስ የተዘጋጁ ናቸው። ጃሞቪና ጃስፕ የተባሉት በሜኑ የሚሠሩ ነጻ ሶፍትዌሮችም ፍላትፓክ በተባለው የመጫኛ ዘዴ ይገኛሉ። በክፍያ ከሚቀርቡት መካከል ስታታ እና ኤምፕላስ የሊኑክስ ቅጂ አላቸው። ሳስ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ደግሞ በብሮውዘር ተከፍቶ የሚሠራበት ነጻ አገልግሎት አለው፤ በዚህ አገልግሎት ለሚጠቀም ሰው የራሱ ኮምፒውተር በምን ሲስተም እንደሚሠራ ለውጥ አያመጣም።

ችግር የሚፈጥሩት ለዊንዶውስ ብቻ ተሠርተው የቀሩት ናቸው፦ የመረጃ ማስገቢያዎቹ ሲኤስፕሮና የቆየው ኤፒዳታ 3.1፣ የቤይዝ ሞዴሎችን የሚያሰላው ዊንበግስ፣ እንዲሁም በመስኮታዊ ገጽታው የምናውቀው ጀንስታት። ለእነዚህ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሥራውን የሚተካ የሊኑክስ ሶፍትዌር መፈለግ፣ የዊንዶውሱን ፕሮግራም በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ማስኬድ፣ ወይም በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ መጫን። መንገዶቹን በዚሁ ቅደም ተከተል መሞከር ይመረጣል፤ ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ጀምሮ ኮምፒውተሩን ያለ በቂ ምክንያት ያጨናንቃል።

ኤስፒኤስኤስን በሊኑክስ መጠቀም እችላለሁ?

ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ሲሆን ከ2009 ጀምሮ የአይቢኤም ንብረት ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ለሊኑክስ ዴስክቶፕ ይወጣ የነበረ ቢሆንም፣ አሁን ለግለሰብ ኮምፒውተር የሚሸጠው ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ነው። ሕጋዊ ላይሰንስ ያለው ሰው በቨርቹዋል ማሽን ቢጭነው ይሻላል፤ አዳዲሶቹን ቅጂዎች በዋይን ለማስኬድ የሚፈጀው ጊዜ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ላይሰንስ የሌለው ሰው በቅድሚያ ፒኤስፒፒን ሊሞክር ይገባል። ይህ የግኑ ፕሮጀክት ነጻ ሶፍትዌር ዶት ሳቭ የተባሉትን የኤስፒኤስኤስ የመረጃ ፋይሎች ከነ ቫልዩ ሌብላቸው ይከፍታል፣ የኤስፒኤስኤስን የሲንታክስ ትእዛዞችም በአብዛኛው ይረዳል። ድግግሞሽ፣ ክሮስታብ፣ ቲ ቴስት፣ የአንድ መንገድ አኖቫ፣ ሊኒየርና ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ፋክተር ትንተና እና የክሮንባክ አልፋ ስሌት አሉት፤ የብዙ ማስተርስ ተማሪዎች ሥራም ከእነዚህ አያልፍም። ሚክስድ ሞዴል ወይም የሰርቫይቫል ትንተና የሚያስፈልገው ሰው ግን ወደ አር ወይም ወደ ጃሞቪ መሄድ ይኖርበታል። ዶት ኤስፒቪ የሚባለውን የኤስፒኤስኤስ የውጤት ፋይል ብቻ ማየት ለሚፈልግም ከፒኤስፒፒ ጋር የሚመጣው የውጤት መለወጫ ትእዛዝ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ጽሑፍ ይቀይርለታል።

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው «ክራክ» የተደረገ ኤስፒኤስኤስ በብዙ ቢሮና በብዙ የተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ እንዳለ የሚታወቅ ነው። ሕጉን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ክራኩን ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል መመሪያ ተከትሎ የተጫነ ፕሮግራም የታማሚዎች መረጃ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ አይገባም።

የትኛውን ሊኑክስ ልጫን? ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው።

ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ይበቃል፤ የሶፍትዌር አምራቾች መመሪያ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ኡቡንቱን ወይም ሬድ ሃትን ታሳቢ ያደርጋሉ። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት በኤክስኤፍሲኢ ገጽታው ቀለል ይላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ ለብዙ ደህና ላፕቶፖች ሊኑክስ የማዕረግ ጉዳይ ሳይሆን የዕድሜ ማራዘሚያ ሆኗል።

መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው፤ አሁኑኑ ልቀይር?

አይቀይሩ። ትንተናው ከተጀመረ በኋላ ሲስተምና ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ስህተት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ለመለየት አያስችልም። መጀመሪያ በነበሩበት ይጨርሱ፤ እስከዚያው ሊኑክስን ከፍላሽ በማስነሳት ወይም ከዊንዶውሱ ጎን በሌላ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) በመጫን ይለማመዱት። ሁለተኛውን ከመረጡ ፓርቲሽን ከመነካቱ በፊት መረጃዎን በውጭ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ።

የገዛሁት የስታታ ላይሰንስ ለዊንዶውስ ነው፤ ለሊኑክስ ሌላ መግዛት አለብኝ?

የስታታ ላይሰንስ በሲስተም አይለያይም፤ ያው መለያ ቁጥርና ኮድ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ያገለግላል። አጫጫኑ ግን የለመድነው «ኔክስት፣ ኔክስት» አይደለም። በአስተዳዳሪ ፈቃድ በሲስተሙ ውስጥ ለስታታ ፎልደር ይከፈታል፣ የታመቀው ፋይል እዚያ ይፈታል፣ የመጫኛው ትእዛዝ ይሰጣል፣ በመጨረሻም ላይሰንሱን የሚመዘግበው አነስተኛ ፕሮግራም ቁጥሮቹን ይጠይቃል። ከተጫነ በኋላ በዴስክቶፕ ላይ አይኮን ባያገኙ አይደንግጡ፤ ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ማስነሳት ወይም አይኮኑን ራስዎ መሥራት ይችላሉ።

ስታታ በሊኑክስ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መስኮትና ሜኑ ያለው፣ ሌላው በተርሚናል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው። አዲስ ሊኑክስ ላይ የቆየ የስታታ ቅጂ የጫነ ሰው አንድ ላይብረሪ አልተገኘም የሚል መልእክት ሊገጥመው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የተርሚናል ገጽታን የሚያስተዳድረው ኤንከርስስ ወይም ለምስል የሚያገለግለው ሊብፒኤንጂ የተባለው ላይብረሪ የቀድሞ ቅጂ ነው። መልእክቱ የጎደለውን ስም ከነ ቁጥሩ ስለሚጠቅስ፣ ሳያነቡ ስታታን ደጋግሞ ማጥፋትና መጫን አይጠቅምም።

በዊንዶውስ በሰከንድ ይጫን የነበረው የአር ፓኬጅ በሊኑክስ ለምን ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከዚያም ለምን ይከሽፋል?

ክራን የተባለው የአር ማከማቻ ለዊንዶውስና ለማክ ተጠናቅሮ ያለቀ ፓኬጅ ሲያቀርብ፣ ለሊኑክስ የሚልከው ግን የምንጭ ኮዱን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ራሱ በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በፎርትራን የተጻፈውን ኮድ ማጠናቀር አለበት፤ ለዚህም የማጠናቀሪያ መሣሪያዎቹና ፓኬጁ የሚደገፍባቸው የሲስተም ላይብረሪዎች መኖር አለባቸው። ለምሳሌ የካርታ ሥራ የሚሠራው ኤስኤፍ የተባለው ፓኬጅ ጂዳል፣ ጂኦስ እና ፕሮጅ የተባሉትን ላይብረሪዎች ለማጠናቀር ከሚያስፈልጉት (ዴቨሎፕመንት ከሚባሉት) ፋይሎቻቸው ጋር ይፈልጋል። ከሚወርደው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ «መጫኑ አልተሳካም» ይላል፤ እውነተኛው ምክንያት ያለው ግን ከፍ ብሎ መጀመሪያ «ስህተት» ከተባለበት መስመር ላይ ነው።

ኢንተርኔቱ ደካማ ለሆነበትና ላፕቶፑ ለማይችል ሰው የተሻለው መንገድ ተጠናቅሮ ያለቀውን መውሰድ ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ ብዙ የአር ፓኬጆችን በራሳቸው ማከማቻ ያቀርባሉ፤ ፖዚት የተባለው ድርጅት የሚያቀርበው የሕዝብ ማከማቻና ለኡቡንቱ የተዘጋጀው አርቱዩ ደግሞ ከዚያ የሰፋ ምርጫ አላቸው። በደቢያንና በኡቡንቱ ማከማቻ ወይም በአርቱዩ ሲጫን የሚያስፈልጉት የሲስተም ላይብረሪዎች አብረው ይመጣሉ።

ኤፒዳታ 3.1 እና ዊንበግስን በዋይን ማስኬድ ያስተማምናል?

ሁለቱም በዋይን ደህና የሚሠሩ ናቸው። ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ፕሮጀክት ሲሆን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ሊኑክስ ወደሚገባው ጥያቄ ይተረጉማል እንጂ ዊንዶውስን ራሱን አያስነሳም። በዚህ ምክንያት ትንንሽ፣ የቆዩና በውስብስብ የማይክሮሶፍት አካላት ላይ ያልተመሠረቱ ፕሮግራሞች ይመቹታል። ብዙዎቹ ባለ 32 ቢት ስለሆኑ፣ በኡቡንቱ ላይ ከዋይን በፊት የ32 ቢት ድጋፍ እንዲበራ ማድረግ ያስፈልጋል።

«መረጃው በኤፒዳታ ገብቶ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ተላከ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአገራችን የጤና ጥናቶች ዘዴ ክፍል ውስጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን መንገድ በሊኑክስ ላይ ማየቱ ይጠቅማል። በዋይን ውስጥ የፕሮግራሙ ሲ ድራይቭ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ የተደበቀ ፎልደር ሲሆን፣ መላው የሊኑክስ ሲስተም ደግሞ ዜድ በሚባል ድራይቭ ይታያል። ኤፒዳታ ለኤስፒኤስኤስ ሲልክ አንድ የጽሑፍ ፋይልና አንድ የሲንታክስ ፋይል ያወጣል፤ ሲንታክሱን በጽሑፍ አርታኢ ከፍተው በውስጡ ያለውን የዊንዶውስ አድራሻ በሊኑክስ አድራሻ ከተኩ በኋላ በፒኤስፒፒ ማስኬድ ይችላሉ። አዲስ ጥናት የሚጀምር ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሊኑክስ ቅጂ ያላቸውን ኤፒዳታ ማኔጀርንና ኤንትሪ ክላየንትን ይጠቀም።

ዊንበግስ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.4.3 ወዲህ አላደገም። ከአር የሚጠራው አርቱዊንበግስ የተባለው ፓኬጅ ዋይንን ለመጠቀም የሚያስችል አማራጭ ስላለው የድሮ ሥራን ለመድገም ያገለግላል። ሞዴሉን እንደገና መጻፍ ከተቻለ ግን ጃግስ ቋንቋው ተቀራራቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ጥቂት መስመር ነው።

ዋይን ካልሠራ ቨርቹዋል ማሽን ምን ይጠይቃል?

ራምና ዲስክ ይጠይቃል። ዊንዶውስ 11 ብቻውን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከ8 ጊጋባይት በታች ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ መሞከሩ ትዕግሥት መፈተን ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥሩት ቨርቹዋልቦክስም ሆነ ኬቪኤም ነጻ ናቸው፤ በውስጡ የሚጫነው ዊንዶውስ ግን የራሱ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ሲኤስፕሮን የመሰለ መረጃ ማስገቢያ በዚህ መንገድ ይያዝ፤ መረጃው ወደ ስታታ፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም አር መልክ አንዴ ከተላከ በኋላ ትንተናው በሙሉ በሊኑክስ ሊቀጥል ይችላል። ጀንስታትን ለላቲስ ወይም ለአልፋ ዲዛይን ብቻ የሚፈልጉ የሰብል ተመራማሪዎችም አግሪኮላይ እና ኤልኤምኢ4 የተባሉትን የአር ፓኬጆች አስቀድመው ቢያዩ ቨርቹዋል ማሽኑ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ላይሰንሱ ከኮምፒውተሩ ሃርድዌር ጋር የታሰረ ሶፍትዌር ከሆነ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ሲባዛ የኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ሊቀየርና ላይሰንሱ ሊቋረጥ ስለሚችል ቁጥሩ እንዳይለወጥ ያድርጉ። በዩኤስቢ ቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ በሊኑክሱ በኩል የተጠቃሚ ስምዎ ቨርቹዋልቦክስ ለዩኤስቢ በሚጠቀምበት ቡድን ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ቁልፉ በዝርዝሩ ላይ አይታይም።

የድሮ ኮዴ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል፤ ፋይሉ ግን እዚያው አለ።

ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው፤ ለሊኑክስ በትልቅ ፊደል የሚጀምር የፋይል ስምና በትንሽ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፣ ዊንዶውስ ግን በተለመደው አሠራሩ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የፋይል ቅጥያውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው የአድራሻ ስላሽ ነው፤ ወደ ኋላ ያዘነበለው ስላሽ በዊንዶውስ ብቻ ሲሠራ፣ ወደ ፊት ያዘነበለው በሁሉም ይሠራል። በስታታ ከአድራሻው ውስጥ የማክሮ ስም ካለ ወደ ኋላ ያዘነበለው ስላሽ ማክሮው እንዳይተረጎም ያግደዋል፤ ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ለሚቀር ሰው እንኳ ወደ ፊቱ የተሻለ ነው።

የድራይቭ ፊደል ያለበትን ሙሉ አድራሻ በየመስመሩ ከመጻፍ፣ የፕሮጀክቱን ፎልደር ከላይ አንዴ ብቻ መግለጽና የቀረውን ከእሱ አንጻር መጥራት ይገባል። እንዲህ የተጻፈ ዱ ፋይል (የስታታ ኮድ ፋይል) ወደ አማካሪዎ ኮምፒውተር ሲሄድም አንድ መስመር ብቻ ይቀየራል።

የቀበሌና የሰው ስም በአማርኛ ያስገባሁበት ፋይል ተበላሸብኝ። ይመለሳል?

የሚታየው ምልክት ይለየዋል። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ መረጃው ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ስለሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫን ይበቃል። የጥያቄ ምልክቶች ከታዩ ግን ፊደሎቹ ሲቀመጡ ጠፍተዋል፤ ኤክሴል በዊንዶውስ ላይ ተራውን «ሲኤስቪ» ሲያስቀምጥ የግዕዝን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካልና፣ ወደ መጀመሪያው የኤክሴል ፋይል ተመልሶ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን (የግዕዝን ፊደል የሚይዘውን የዩኒኮድ አቀማመጥ) መምረጥ ብቻ ነው መፍትሔው። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደሎች ከታዩ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 ሆኖ በሌላ ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ስልት) ተከፍቷል፣ ወይም ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ተጽፏል። የመጀመሪያው ኢንኮዲንጉን በመግለጽ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ስታታ ዩኒኮድን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 14ኛው ቅጂ ሲሆን፣ አር በዊንዶውስ ላይ ዩቲኤፍ 8ን መደበኛው ያደረገው ከ4.2.0 ጀምሮ በ2022 ነው። ሊኑክስ ይህን ቀድሞ ስለያዘ የአማርኛ ሌብል ያለው መረጃ በዚህ በኩል ያርፋል። አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ የአር መደበኛ ፒዲኤፍ ማውጫ ለግዕዝ ፊደል አይሆንም፣ በሠንጠረዥና በግራፍ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ካይሮ በተባለው የሥዕል ላይብረሪ የሚሠራውን የፒዲኤፍ ማውጫ ይጠቀም።

ሰዓታት የሚፈጅ ስሌት መብራት ሲጠፋ ይቋረጥብኛል፤ ሊኑክስ ይረዳኛል?

በራሱ አይረዳም፤ ስሌቱን ወደ ሰርቨር ለመውሰድ ግን መንገዱን ያቀናል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ የዓለም 500 ኃያላን ሱፐርኮምፒውተሮች በሚዘረዘሩበት ቶፕ500 ውስጥ ያሉት ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ሰርቨሮችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ናቸው። ከርቀት ወደ ሰርቨር በሚያስገባው ኤስኤስኤች ገብተው ስሌቱን ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራን ክፍት በሚያቆየው ቲመክስ ውስጥ ካስጀመሩት፣ የእርስዎ መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሰርቨሩ ይቀጥላል፤ ሲመለሱ ካቆሙበት ያገኙታል። በላፕቶፕ ብቻ ለሚሠራ ሰው የሚቻለው ውጤቱን በየደረጃው ወደ ዲስክ እያስቀመጠ እንዲሄድ ኮዱን መጻፍ ነው።

ያው መረጃ በሊኑክስና በዊንዶውስ የተለያየ ውጤት ሰጠኝ። የትኛውን ልመን?

አስቀድሞ የተቀየረው ሲስተሙ ብቻ ነው ወይስ ሶፍትዌሩም? ሶፍትዌሩና ቅጂው አንድ ከሆነ፣ የሚጠበቀው ልዩነት በአሥረኛው ዴሲማል አካባቢ ያለ ነው፤ ይህም የማትሪክስ ስሌቱን የሚሠራው ብላስ የተባለው ላይብረሪ ስለሚለያይ ነው። በፕሪንሲፓል ኮምፖነንት ትንተና የአንድ አምድ ምልክት ሙሉ በሙሉ ከፕላስ ወደ ማይነስ ቢገለበጥም ስህተት አይደለም፣ ምልክቱ ከመጀመሪያውም የዘፈቀደ ነው። በአር ናሙና የሚወስድ ኮድ ከተለያየ፣ አንደኛው ቅጂ ከ3.6.0 በፊት የነበረ መሆኑን ያጣሩ፤ የናሙና አወሳሰዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቀይሯል። በተጨማሪም አር ምድቦችን የሚደረድረው በሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ነው፤ አንዱ ምድብ በትልቅ፣ ሌላው በትንሽ ፊደል የሚጀምር ከሆነ ሰርቨር ላይ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥና የማጣቀሻ ምድቡ ሳያውቁት ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በኮድ መግለጽ ያስፈልጋል።

ከኤስፒኤስኤስ ወደ አር የተሸጋገሩ ከሆነ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ አይደለም። በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ኤስፒኤስኤስ ካቴጎሪካል ተብሎ የተገለጸን ተለዋዋጭ የመጨረሻውን ምድብ ማጣቀሻ ያደርጋል፤ አር ደግሞ የመጀመሪያውን። ገጠር 0፣ ከተማ 1 ተብሎ ቢገባ፣ በአንዱ 2.5 የሆነው ኦድስ ሬሾ በሌላው 0.4 ሆኖ ይወጣል፣ ከ1.25 እስከ 5.0 የነበረው የመተማመኛ ክልልም ከ0.2 እስከ 0.8 ይሆናል። ፒ ቫልዩው ግን አይነቃነቅም፤ እሱን አይቶ መለየት ይቻላል።

በመስክ ሙከራ የሚያጋጥመው ከዚህ ይረቅቃል። ፕላቶቹ ሁሉ ከተሟሉ የአኖቫው ሠንጠረዥ በሁለቱም አንድ ነው፤ አንድ ፕላት ከብት ገብቶበት ከጎደለ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። ያን ጊዜ ኤስፒኤስኤስ ሦስተኛውን ዓይነት የስኩዌሮች ድምር ሲሰጥ፣ የአር መደበኛ አኖቫ የመጀመሪያውን ዓይነት ይሰጣል፤ የኋለኛው ፋክተሮቹ በቀመሩ ውስጥ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይለወጣል። ካር የተባለው ፓኬጅ ሦስተኛውን ዓይነት ያወጣል፤ ነገር ግን ሞዴሉ ከመሠራቱ በፊት የፋክተሮቹ ኮንትራስት (ምድቦቹ ወደ ቁጥር የሚለወጡበት ኮድ) ድምራቸው ዜሮ ወደሚሆንበት ካልተቀየረ፣ ኢንተራክሽን ባለበት ሞዴል ለዋና ውጤቶቹ የሚወጣው ቁጥር ከኤስፒኤስኤሱ ጋር አይገጥምም።